የዜና አጋፋሪነት፦ መርካቶ የሚሰማውን ማን ይመርጥለታል?

በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ያለ ደረሰኝ የሚካሄደውን ግብይት ለመቆጣጠር ሠራተኞቹን በየንግድ ተራው አሰማራ። ወዲያው «ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ቢሮው ሐሰት ነው ሲል አስተባበለ። ቸርቻሪው በበኩሉ «አስመጪው ደረሰኝ ሳይሰጠኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልስጥ?» ይል ነበር።

በዚያ ሰሞን መርካቶን በስክሪን የተከታተለ ሰው፣ የትኛውን ስክሪን እንደያዘ ካልነገረን በቀር ምን እንዳየ ማወቅ አይቻልም። በመንግሥት ጣቢያ ጎልቶ የሚሰማው ግብር ስወራና ሕገ ወጥ ንግድ ነው። ዩቲዩብ የከፈተው «አድማ» የሚል ርዕስ ይጠብቀዋል። የንግድ ተራውን የቴሌግራም ቡድን የሚያነብ ደግሞ «ዕቃችሁን አንሡ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የመጨረሻው መልእክት ወሬ ነበር። የቀረው ግን አብዛኛው እውነት ነው፤ ግብር የሚሰውር ነጋዴ አለ፣ ሱቅም ተዘግቷል፣ ቸርቻሪውም ከላይ ደረሰኝ አያገኝም። የተለያየው ከእነዚህ እውነቶች የትኛው ፊት እንደተቀመጠና የትኛው ደጅ እንደቀረ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪዎች ይህን የመምረጥ ሥራ «ጌትኪፒንግ» ይሉታል። እኔ «የዜና አጋፋሪነት» ብዬዋለሁ።

አጋፋሪ የቤተ መንግሥት ሹም ነበር። ግብር፣ ማለትም ግብዣ፣ ሲበላ እንግዳውን እንደየማዕረጉ እየለየ ያስገባል፣ ቦታ ያስይዛል፣ የሌላውን ተራ ያቆያል። ወጡን አልሠራም፣ ጠጁንም አልጣለም፤ ግን ማን ከማን ቀድሞ እንደሚበላ ከእሱ ፈቃድ አይወጣም። «በር ጠባቂነት» የሚለው ትርጉም ያልወደድኩት በር ጠባቂ ከልክሎ ወይ አስገብቶ ሥራው ስለሚያበቃ ነው። ዜና ከገባ በኋላም የፊት ገጽ ወይም የጓዳ ቦታ አለው።

ሐሳቡ የተወለደው ከዜና ክፍል ሳይሆን ከገበያ መሆኑ መርካቶ ላይ ሆኖ ለሚያስበው ደስ ይላል። ኩርት ሌዊን ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቤተሰቦች ጉበትና ኩላሊት የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ ሥጋ እንዲበሉ እንዴት ማሳመን እንደሚቻል እንዲያጠና ተጠየቀ (ዱለት የሚናፍቅ አገር ሰው ይህ ችግር መሆኑ ራሱ ይገርመዋል)። ምግብ ከእርሻና ከገበያ ተነሥቶ ማዕድ እስኪደርስ ብዙ መተላለፊያ እንዳለው፣ በየመተላለፊያውም «ይለፍ፣ አይለፍ» የሚል ሰው እንዳለ አስተዋለ። በቤት ውስጥ ወሳኟ በብዛት የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ ተመጋቢውን ሁሉ ከመስበክ እሷን ማነጋገር ይሻላል አለ። በ1947 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ ዜናም በዚሁ መንገድ እንደሚጓዝ ጠቆመ።

ዴቪድ ማኒንግ ኋይት የተባለ ተመራማሪ ጥቆማውን አነሣና በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ጋዜጣ ላይ የሚሠራ አንድ አርታኢን ለመነ፦ ለአንድ ሳምንት ከዜና ወኪሎች የመጣውን ሁሉ አትጣል፣ የተውከውን ለምን እንደተውከው ጻፍበት። ውጤቱ በ1950 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከመጣው ዜና አሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ወድቋል። የብዙው ምክንያት ቦታ ማጣትና ድግግሞሽ ነበር። ጥቂቱ ግን የወደቀው አርታኢው ስላልወደደው ብቻ ነው። አንባቢው ስለ ወደቀው ምንም አያውቅም። ሐሰት ቢታተም የሚያርም ሰው ሊገኝ ይችላል፤ ያልታተመን ነገር ግን ማን ያርመዋል?

ወደ አገራችን ስንመጣ የመጀመሪያው አጋፋሪ ባለቤቱ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ መንግሥታት ሲለዋወጡ ባለቤቱ መንግሥት ሆኖ ቀጥሏል። አዲስ ሚዲያ ኔትወርክ የከተማው አስተዳደር ነው። እንግዲህ የደረሰኙን ቁጥጥር ያካሄደው ቢሮና ስለ ቁጥጥሩ የሚዘግበው ጣቢያ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህን ስል ጣቢያው ዋሸ ማለቴ አይደለም። ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ይዞ መጀመሪያ ወደ ማን ቢሮ እንደሚሄድ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም ለማለት ነው።

የግሉስ? የግሉን የሚያኖረው ማስታወቂያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ጣቢያዎቹ በቢራ ፋብሪካዎች ላይ ምን ያህል ተደግፈው እንደቆሙ በግልጽ ታየ። ቢራው ሲወጣ ባንኩና የቤት ሻጩ ቀሩ። በወር ትልቅ ክፍያ የሚከፍል ባንክ ላይ ጥብቅ ምርመራ የሚሠራ ጣቢያ ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ። ጋዜጠኛ በሚታሰርበት አገር አርታኢው ማንም ሳይደውልለት ራሱ ይቆርጣል፤ እንዲህ ያለው መቆረጥ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

አዲሱ አጋፋሪ አልጎሪዝም ነው፤ ማለትም ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የትኛው ጽሑፍና ቪዲዮ ቀድሞ እንዲታየን የሚመርጡበት የኮምፒውተር ስሌት። የድሮው አጋፋሪ ቢያንስ ፊት ነበረው፣ ይለመናል፣ ይታማል። ይህኛው በዋናነት የሚለካው የሰውን ምላሽ ነው፦ ሰው ስንት ጊዜ ነካው፣ ስንት ደቂቃ ቆየበት፣ ለስንት ሰው አጋራው። ፌስቡክ በ2018 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ለውጦ አስተያየትና ማጋራት የበዛበትን ማስቀደም ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎም የተናደደው ፊት ምልክት ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ይመዘን እንደነበር ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ ነበር፤ በአገራችን የፌስቡክ አሠራር የብሔር ግጭትን ያራግባል ብላለች።

ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር ሲዞር ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ከክሱ አንዱ ጭብጥ በትክክል ስለ አጋፋሪው ነው፦ ጥላቻን ያስቀደመው ስሌት ይለወጥ። ኩባንያው ጎጂ ጽሑፎችን ለማጥፋት ብዙ ገንዘብና ሰው መመደቡን ይገልጻል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

ቴሌግራም ለየት ይላል። ቻናል ውስጥ የሚመርጠው ስሌቱ ሳይሆን ባለ ቻናሉ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲተው፣ አንድ ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። መርካቶ ላይ ዋጋ ራሱ ዜና ነው። ዱባይ ተራ ብትገቡ ሻጩ ስልኩን ጣቃው ላይ ደግፎ፣ በአንድ እጁ ሜትር እየሰፈረ የዛሬውን የጥቁር ገበያ ተመን ከቻናል ሲያነብ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ለደንበኛው የነገረውን ዋጋ «ቆይ፣ ቆይ እስኪ» ብሎ ያነሣዋል። ተመኑን የለጠፈው ማን ነው? ራሱ ዶላር የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ቢሆንስ? ሻጩ ይህን ቢጠይቁት ይስቃል፤ «ሁሉም እሱን ነው የሚያየው» ይላል። ምንዛሪው ለገበያ በተተወበት ሰሞን ከተማው ዋጋ ያለአግባብ ጨምረዋል ያላቸውን ሱቆች ሲያሽግ፣ የታሸገው ሱቅ በዜና ታየ። ተመን የሚለጥፈውን ባለ ቻናል ግን የዜና ካሜራ ፈልጎት ሲሄድ አላየሁም።

አጋፋሪነት የሚያስቀር ብቻ ሳይሆን ቶሎ የሚያስረሳም ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ነበልባሉ በየስልኩ ገባ፤ «ሆን ተብሎ ነው» የሚለው ጥርጣሬም አብሮት። እሳት ሰውን ስለሚያስቆም ስሌቱ ይወደዋል። ሸቀጡ የነደደበት ሰው ከወራት በኋላ ብድሩን በምን እየከፈለ እንደሆነ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ነበልባል የለውምና እየተገፋ ወደ ስልካችን አይመጣም።

አጋፋሪ ይጥፋ የሚል ካለ አልስማማም። የአንድ ቀን የመርካቶ ወሬ ሁሉ ቢታተም ማንም አያነበውም፤ አንድ ሰው መምረጥ አለበት። እኔ የምፈልገው መራጩ እንዲታወቅ፣ ከማን እንደሚበላም እንዲነገር ነው። አንባቢም በበኩሉ «ውሸት ነው ወይስ እውነት?» ከማለቱ ጋር «ማን አስገባው?» ማለት ይችላል።

ለዜና ክፍሎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የደረሰኙ ጉዳይ ገና አልተዘጋም። በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ይዛችሁ መርካቶ ስትመጡ፣ ከችርቻሮ ሱቁ በፊት አስመጪው መጋዘን ጎራ በሉና «ደረሰኝ ለምን አትሰጡም?» ብላችሁ ጠይቁልን።