ሊብሬው የሚጀምረው ከ1968 ነው

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ልጽፍ ነው። ፈቀቅ ማለቴን ግን ከወዲሁ አትመኑኝ፤ በአገራችን ከፖለቲካ ፈቀቅ የሚያደርግ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ጊዳ አያና ሄጄ ነበር። ከነቀምት ተነስቶ በኡኬና በአንገር ጉትን በኩል ወደ ዓባይ የሚዘልቀው መንገድ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ችግር ደጋግሞ ሲዘጋ ስለኖረ፣ ከዘመድ ጋር እንደልብ ከተቀመጥሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ከድንኳኑ ስንወጣ፣ ለአሮጌ መኪና ያለኝን ድክመት የሚያውቀው አጎቴ እጄን ይዞ ወደ አንድ ግቢ ወሰደኝ። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በበቆሎ ማዳበሪያዎች ተከብቦ፣ የኋላ ጥጎቹ እንደ ዓሣ ክንፍ የሾሉ መርሴዲስ ቆሟል። ባለ ስድስት ሲሊንደር 220 ኤስ ነው፤ የሻንሲው ቁጥር 111 ብሎ ይጀምራል። ቀለሙ እንደ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው። ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ነክተዋል፤ ዶሮ ገብታ ወጥታበታለች።

አሥር ዓመት ያህል በአዲስ አበባ ጋራዦችና ደላሎች ዘንድ ስፈልገው የኖርሁት ይኸው ነበር። ከውጭ አስመጥቶ መግዛት ድሮም ለመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ የድሮ የክብር መኪና የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት እዚሁ ጓሮ ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ ታሪክ አለበት።

የክብር መኪና ወደዚህች አገር ሲገባ ገና ከጅምሩ ዕቃ ብቻ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ መኪናውን ከጂቡቲ አንስቶ፣ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በረሃውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ ናኬ የተባለ የአገሩን መኪና ይዞ ከተፍ አለ። መንገድ በሌለበት አገር መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሸጠው መጓጓዣ አይደለም፤ ወዳጅነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝን አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ የታዩበት ሠረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ካይዘር ቪልሄልም የነበረ ነው። አዎን፣ ያገለገለ ዕቃ! ዙፋኑን ያጣ ንጉሥ ሠረገላ ዙፋን ለሚይዝ ንጉሥ ተገዛ። እኔን ያገለገለ ዕቃ አሳዳጅ እያሉ የሚያሾፉብኝ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

የዚሁ ንጉሥ ፍጻሜም በመኪና ነው የሚታወሰው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዷቸው በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ወታደሮቹ ሌላ መኪና አጥተው አይመስለኝም። ቮልሷ አዋጅ ነበረች፤ ማንበብ የማይችለውም ያነበባት አዋጅ። ዛሬ ያው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ሲከፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች እንደ ቅርስ ለጎብኚ ይታያሉ።

የቤተ መንግሥቱ መኪኖች ባለቤታቸው ይታወቃል። የክፍለ ሀገሩ መኪኖችስ?

ወደ ጊዳ አያናው መርሴዲስ ልመለስ። ሻጩ ሊብሬውን አመጣልኝ። መኪናው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲሆን ሊብሬው ግን የሚጀምረው ከ1968 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ባለንብረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ሻጩ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ነቀምት ላይ በጨረታ ገዝቶ በጭነት መኪና አስጭኖ አምጥቶታል። ከ1968 በፊት ያለው ዘመን የለም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የለም፤ የሻጭና የገዥ ውል የለም። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። መሬትና ቤት በአዋጅ ሲወረሱ፣ በየበሩ የቆመው መኪና ያለ ብዙ ወረቀት አብሮ ሄደ።

መኪናውን ነቀምት ሳለ ያውቁታል የተባሉ ሁለት ሽማግሌዎች አነጋገርሁ። አንደኛው የባላባት ነበር አሉኝ። «አያትህ ለችሎት ነቀምት ሲመላለስ አብሬው ነበርሁ። ይህ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ወርደን፣ ነጠላችንን አደግድገን እንቆም ነበር፤ አቧራውን አልብሶን ያልፋል፣ ልጄ።» ሁለተኛው በቁጣ አቋረጧቸው፤ «የቡና ነጋዴ ነው! በበቅሎ ጀምሮ በላቡ የገዛው ሰው ነው። ሲወሰድበት ሜዳ ላይ ተቀምጦ አልቅሷል።»

አያቴ ጭሰኛ ነበር። ለባላባቱ እንባ እንዳወጣ የሚጠብቅብኝ ቢኖር ተሳስቷል፤ «መሬት ለአራሹ» ባይባል ኖሮ እኔ ዛሬ ዶክተር ተብዬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ነጋዴው ቢሆንስ? ለአያቴ መካስና የሰውን ላብ መንጠቅ በአንድ ማኅተም ከተፈጸሙ፣ እኔ በየትኛው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው? እኛ የዚያ ዘመን ልጆች አብዮቱን ስንደግፍም ስንረግምም በጅምላ ነው። ዝርዝሩ፣ ከማን ምን ተወሰደ፣ ማን ፈረመ፣ የሚለው ጠፍቶብናል። ዛሬም ንብረት ባለቤት ሲለውጥ ወረቀቱን ማን እንደሚያስቀምጥ እንጃ።

ሽቱትጋርት ላለው ፋብሪካ የሻንሲውን ቁጥር ጽፌ ላክሁ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልስ መጣ፦ መቼ እንደተሠራ፣ ወደ አዲስ አበባ እንደተላከ፣ የወንበሩ ሌዘር ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ቀለሙም ነጭ እንደነበረ። ጀርመን አገር የአንድ ወንበር ሌዘር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመዝግቦ ሲቆይ፣ እኛ ዘንድ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስሙ የለም። የነቀምቱን መዝገብ ለመጠየቅ የሄድሁበት ቢሮ ውስጥ «የድሮው ፋይል ተቃጥሏል» ያለኝ ወጣት ከ1983 በኋላ የተወለደ ነው፤ ሲቃጠል አላየም፣ እሱም ሲባል ሰምቶ ነው።

ቀብድ ከፍያለሁ። ስሙ ይዞርልኝ እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ቀሪውን የምከፍለው በጥቅምት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሻጩ ሊታገሠኝ ተስማምቷል። የመኪናው ባለቤት የእኛ አባት ነበር የሚል ቤተሰብ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ፣ በከፈልሁበት ዋጋ ሳልጨምር እለቅለታለሁ፤ ባላባትም ይሁን ነጋዴ። አጎቴ ይህን ሲሰማ «አንተ መማርህ ምን ጠቀመህ?» ብሎኛል።

ስለዚህ በ1960ዎቹ ነቀምት የኖራችሁ ወይም ወላጆቻችሁ የኖሩ፣ ነጭ ባለ ክንፍ መርሴዲስ ተደግፈው የተነሡት ፎቶግራፍ በአልበም ውስጥ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። የግራ የኋላ በሩ እጀታ ሥር ጠለቅ ያለ ጭረት አለ። አረንጓዴው ቀለም ሸፍኖታል እንጂ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ነጩ ወጣ።