የአፍ ጤና ቴራፒስት

የአፍ ጤና ቴራፒስት የጥርስና የድድ በሽታን የሚመረምር፣ የሚከላከልና የተወሰኑ ሕክምናዎችን በራሱ እጅ የሚሰጥ የጤና ባለሙያ ነው። የጥርስ ሐኪም አይደለም፤ መሣሪያ አቀባይ ረዳትም አይደለም። መጠሪያው በተለይ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በሲንጋፖር ይሠራበታል። ሙያው ቀድሞ ለየብቻ የነበሩ ሁለት ሙያዎችን አጣምሮ የያዘ ነው፦ የልጆችን ጥርስ የሚሞላውንና የሚነቅለውን የዴንታል ቴራፒስት ሥራ፣ እንዲሁም ጥርስ የሚያጸዳውንና ድድ የሚያክመውን የዴንታል ሃይጂኒስት ሥራ።

የመጀመሪያው ሙያ የተወለደው ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና የቀረቡት ወጣቶች ጥርስ ክፉኛ ተበላሽቶ ተገኘ። የጦሩን የጥርስ ሕክምና የመሩት ቶማስ ሃንተር ነገሩ ከሥሩ መያዝ ያለበት በልጅነት መሆኑን ተረዱ፤ በ1921 እ.ኤ.አ. በዌሊንግተን የትምህርት ቤት የጥርስ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ሠልጣኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ተምረው በየትምህርት ቤቱ ግቢ በምትገኝ ክሊኒክ ይመደቡና በእግር እየተረገጠ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ጭምር ይሠሩ ነበር። ተማሪዎቹ ክሊኒኳን «የግድያ ቤት» ማለታቸው አያስደንቅም። ያም ሆኖ አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ ታዝማኒያና ደቡብ አውስትራሊያም በ1960ዎቹ ተቀበሉት። ሃይጂኒስት የሚባለው ሙያ ደግሞ የአሜሪካ ልጅ ነው። አልፍሬድ ፎንስ የተባሉ የጥርስ ሐኪም በ1913 ኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ዲግሪ ማስተማር የጀመሩት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ኒውዚላንድም የአፍ ጤና ቴራፒስትን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጋ መመዝገብ የጀመረችው በ2017 ነው።

በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሥልጠናው በአብዛኛው የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን፣ በሲንጋፖር ናንያንግ ፖሊቴክኒክ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ነው። ተማሪው የጭንቅላትና የአንገት አካል ጥናት፣ የጀርሞች ሳይንስ፣ ራጅ ማንሳትና የማደንዘዣ መርፌ አሰጣጥ ይማራል። መሰርሰሪያ መያዝን የሚለማመደው አስቀድሞ የፕላስቲክ ጥርስ በተተከለበት አሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ነው። ከዚያ በመምህራን ዓይን ሥር እውነተኛ ታካሚ ይቀበላል። በአውስትራሊያ ተመርቆ የተመዘገበ ባለሙያ በየሦስት ዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መከታተል ይጠበቅበታል።

የዕለት ሥራው ብዙ ነው። አፍን ይመረምራል፣ ራጅ ያነሣል፣ ጥርስ ላይ ተጋግሮ የደነደነውን ቆሻሻ ይፈቀፍቃል፣ ፍሎራይድ ይቀባል፣ የመንጋጋ ጥርስ ስንጥቆችን ከመበስበሳቸው በፊት ይደፍናል፣ የተቦረቦረውን ይሞላል፣ የወተት ጥርስ ይነቅላል። ከሁሉ ይልቅ ብልሃቱ የሚታየው ሕፃናት ዘንድ ነው። ለምሳሌ የበሰበሰ የወተት መንጋጋን ሳይሰረስሩና ሳያደነዝዙ በብረት ቆብ ገጥሞ ማሸግ ይቻላል፤ ስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም ኖርና ሆል ያስለመዱት ዘዴ ነው። ከውስጥ የቀሩት ጀርሞች ምግብ ስለሚቋረጥባቸው ብስባሴው ይገታል፤ ጥርሱም በጊዜው እስኪወልቅ ያገለግላል። መርፌ አይቶ ለሚያለቅስ የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምርመራው ስለ ልጁ አስተዳደግም ይናገራል። «ግግ» ነው ተብሎ የሕፃን ድድ ተሰንጥቆ እንቡጥ ጥርስ የወጣባቸው ልጆች በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አሉ፤ ጉዳቱ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተሰቦች ልጆችም ላይ በጥናት ተመዝግቧል። የወተት ክራንቻ መጥፋቱን ወይም ከሥሩ የነበረው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ መብቀሉን የሚያይ ባለሙያ ወላጅን ሳይወቅስ መጠየቅና ቀጣዩ ሕፃን እንዳይቆረጥ ማስረዳት ይኖርበታል። ማስተማር የዚህ ሙያ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሥራ ወሰኑም ግልጽ ነው። በቋሚ ጥርስ ላይ ሩት ካናል መሥራት፣ ኢምፕላንት መትከልና ቀዶ ሕክምና የጥርስ ሐኪም ድርሻ ነው። አዋቂዎችን ስለማከም ግን ክርክሩ ረጅም ነበር። የጥርስ ሙሌት ሥራው ከትምህርት ቤት ክሊኒክ የመጣ በመሆኑ ለዘመናት ለልጆች ብቻ ተወስኖ ኖረ፤ ይህ ገደብ የመጣው ከእጅ ችሎታ ማነስ ሳይሆን ከታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በአውስትራሊያ ወሰኑን የሚያሰምረው እያንዳንዱ ባለሙያ የተማረውና ብቁ የሆነበት ሥራ ነው።

ከጥርስ ሐኪም ጋር ያለው ግንኙነትም ተለውጧል። እስከ 2020 አጋማሽ አንድ የአውስትራሊያ ቴራፒስት ከሐኪም ጋር የተደነገገ የሙያ ትስስር እንዲኖረው ይገደድ ነበር፤ ያ ግዴታ ተነሣ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮም በራሱ መለያ ቁጥር ለልጆች የጥርስ ሕክምና የተመደበውን የመንግሥት ክፍያ መጠየቅ ይችላል። መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ግን አልተሰጠውም፤ ጥርሱ መግል ቋጥሮ ፊቱ ያበጠ ልጅ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ሐኪም ይልከዋል።