አመጋገብና ጤና በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት

በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የሚታየው የምግብ እጥረት ብዙውን ጊዜ ጓዳው ሞልቶ የሚከሰት ነው። በሀብታም አገሮች ሳይቀር ሳህኑ ሞልቶ ይቀርባል፤ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። የሚከተለው ክብደት መቀነስ፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ ቶሎ የማይድን የአልጋ ቁስል፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽንና መውደቅ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የማሽተትና የመቅመስ ችሎታ ይደክማል። የጥማት ስሜትም ስለሚቀንስ ሰውነት ውሃ እያጠረው ሰውየው ላይጠማ ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። በደንብ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥጋ ማኘክን ያስቀራል። የመርሳት በሽታ የጸናበት ሰው ደግሞ ማንኪያ አያያዝ፣ እየቆየም አዋዋጥ ይጠፋዋል።

አረጋዊ ከወጣት ያነሰ ካሎሪ ቢበቃውም የፕሮቲን ፍላጎቱ አይቀንስም። ኤስፔን የተባለው የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ማኅበር በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ካሎሪ ገደማና ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1,800 ካሎሪና 60 ግራም ፕሮቲን ነው። ከመጠጥ ደግሞ ሴቶች በቀን ቢያንስ 1.6፣ ወንዶች 2 ሊትር ያስፈልጋቸዋል። ማኅበሩ ጨው፣ ስኳርና ቅባት የሚከለክሉ ጥብቅ አመጋገቦች ለአረጋውያን ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ሊያይል እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ጣዕም ያጣ ምግብ የሚበላው ጥቂት ነውና።

አደጋው ቀድሞ የሚታወቀው በሚዛን ነው። በአሜሪካ ተቋማት አንድ ነዋሪ በወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት ከቀነሰ ሠራተኞች ምክንያቱን መመርመር አለባቸው። ቆሞ መመዘን የማይችል ሰው የባቱ ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች መሆኑ የጡንቻ መመናመን ምልክት ነው።

ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ በ2021 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አሳይቷል። በ60 ተቋማት የሚኖሩ 7,195 አረጋውያን ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በግማሾቹ ተቋማት ወተት፣ እርጎና አይብ በዕለታዊው ምግብ ላይ ተጨመረ። በእነዚህ ተቋማት የአጥንት ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት በ46 በመቶ፣ መውደቅም በ11 በመቶ ቀነሰ። በሞት ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

አቀራረቡም የራሱ ድርሻ አለው። በኔዘርላንድ በአምስት ተቋማት በ178 ነዋሪዎች ላይ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት ለአንዱ ቡድን አስቀድሞ የተዘጋጀውን ትሪ አስቀርቶ ምግቡን እንደ ቤተሰብ ማዕድ አቀረበ፤ ጠረጴዛው ጨርቅ ለበሰ፣ ነዋሪዎቹ የሚፈልጉትን ራሳቸው መረጡ፣ ሠራተኞችም አብረዋቸው ተቀመጡ። ከስድስት ወር በኋላ በትሪ የሚመገቡት ክብደትም አቅምም ሲቀንሱ የማዕዱ ቡድን ባለበት ጸንቷል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በ2001 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሠራተኞች አንድን ነዋሪ ለማብላት በተለምዶ 9 ደቂቃ ገደማ ሲያጠፉ በአግባቡ ለማገዝ ግን በአማካይ 38 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ አረጋግጧል። መዋጥ የሚያስቸግረውን ሰው ማጣደፍ ትን ያስብላል፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብም የሳንባ ምች ያመጣል። ለዚህም የምግብና የመጠጥ ውፍረትን ከ0 እስከ 7 የሚደለድል ዓለም አቀፍ መለኪያ በሥራ ላይ ውሏል።

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት በቤተሰብ ነው። ጧሪ ያጡትን ከሚያነሱት አንዱ በአዲስ አበባ በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው፣ በሕዝብ ልገሳ የሚንቀሳቀሰው መቄዶንያ ነው። ለማኘክና ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው አጥሚት፣ ገንፎና የራሰ ፍርፍር ምቹ ናቸው፤ ወተትና ቅቤ ሲጨመርባቸው በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣሉ። በጾም ወራት ግን ወተትና ቅቤ ከማዕድ ይወጣሉ። የንስሐ አባት ለታመመ ሰው ቢፈቅዱም ጾም መግደፍ የማይሆንላቸው አረጋውያን አሉ፤ ለእነሱ ፕሮቲኑ ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ይመጣል። ቫይታሚን ቢ12 ግን በእነዚህ ውስጥ የለም፤ በእርጅና የጨጓራ አሲድ ሲቀንስም ከምግብ የሚገኘው ያንሳል። ስለዚህ እጥረቱ በደም ምርመራ ሲረጋገጥ በእንክብል ወይም በመርፌ ይተካል።