የመጠጥ ፈቃድ በክርያት ያም
በእስራኤሏ ክርያት ያም ከተማ መጠጥ መሸጫ የሚከፍት ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ማዘጋጃ ቤቱን ነው፤ መሠረቱ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የንግድ ፈቃድ ሕግ ነው። ከዚያ በፊትም እንግሊዞች ፍልስጤምን ሲያስተዳድሩ በ1927 አስካሪ መጠጥ ማምረትንና መሸጥን በአዋጅ ሥር አስገብተው ነበር። ሁለቱም በዋናነት ያተኮሩት ማን፣ የት ይሽጥ በሚለው ላይ ነው።

በ2010 የወጣው የእስራኤል ሕግ ግን ሰዓቱን ገደበ፦ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሱቅ ቢራም ሆነ ቮድካ አይሸጥም፤ ቡና ቤትና ምግብ ቤት ግን እዚያው ለሚጠጣ ደንበኛ መቅዳት ይችላሉ። «ጠጪው ቀድሞ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ የሚጎዳው ባለ ሱቁ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። አስቦ የሚገዛን ሰው ሕጉ እንደማያቆመው አምናለሁ። የተቆለፈው ማቀዝቀዣ የሚያግደው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሞቅ ብሎት ለሁለተኛ ጠርሙስ የሚወጣውን ወጣት ነው፤ ለእሱ ሲባል የባለ ሱቁ የሌሊት ገቢ ቢቀር ተገቢ ይመስለኛል።