ካልካታን በእግርና በትራም ደግሞ ማየት

አንድን ታላቅ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በሕንፃዋና በገበያዋ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰ ግን አስቀድሞ ያየውን ይፈልጋል፤ የቱ ቆየ፥ የቱ ጠፋ እያለ ይመረምራል። የታሪክም ሥራ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ስሟን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ወደምታውቋት ወደ ካልካታ ዛሬ ደግሞ እንድትመለሱ እጋብዛችኋለሁ። የምናያትም ከፊሉን በእግር፥ ከፊሉንም በትራም ሆነን ነው። የከተማይቱ ስም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአገሩ ሰዎች አጠራር ኮልካታ ተብሏል፤ እኛ ግን በለመድነው ስም እንጥራት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራም በከተማ ጎዳና ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ልዩነቱ የካልካታው ትራም በአብዛኛው አጥር ሳይኖረው ከመኪናው፥ ከጋሪውና ከእግረኛው ጋር አንዱን መንገድ እየተጋፋ የሚያዘግም መሆኑ ነው።

ጉዟችንን ከሁግሊ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ከሃውራ የባቡር ጣቢያ እንጀምር። ከጣቢያው ስንወጣ ከፊታችን የሚታየው ታላቅ የብረት ድልድይ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረና የጃፓን አውሮፕላኖች ይፈሩ ስለ ነበረ በዓል አልተደረገለትም፤ መጀመሪያ የተሻገረበትም አንድ ብቸኛ ትራም ነበረ ይባላል። ለሥራውም 26,500 ቶን ያህል ብረት ገብቶበታል።

ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በቤንጋል ጽኑ ረኃብ ሆነ። ጃፓን በርማን በመያዟ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ። የእንግሊዝ ሹማምንትም ጠላት እንዳይጠቀምባቸው በማለት በባሕሩ ዳርቻ ያሉትን ጀልባዎችና የሩዝ ክምችት ከገበሬው እጅ አወጡ። የጦርነቱ ወጪ የእህሉን ዋጋ አናረው። ከገጠር ተሰደው ወደ ካልካታ የገቡ ብዙ ሰዎች በየጎዳናው ወድቀው ቀሩ፤ በቤንጋል በጠቅላላው በረኃቡና ባስከተለው በሽታ ያለቀው ሕዝብ እስከ ሦስት ሚሊዮን ይገመታል። ለድልድዩ ብረት ተገኘ፤ ለሰው ግን ሩዝ አልተገኘም። ይህን በልባችን ይዘን እንሻገር። በድልድዩ ላይ ለሃምሳ ዓመት ይመላለስ የነበረው ትራም በ1993 ዓ.ም. ስለ ተቋረጠ የምንሻገረው በእግራችን ነው።

ድልድዩን አልፈን የወንዙን ዳር ይዘን ወደ ደቡብ ጥቂት ስንራመድ የአርመኖች ጋት ከሚባለው ስፍራ እንደርሳለን። ጋት ማለት ወደ ወንዝ የሚያወርድ ደረጃ ነው። የካልካታ የመጀመሪያው ትራም በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1873 ዓ.ም. ከሲያልዳህ የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ እስከዚህ ደረሰ። የመንገዱ ርዝመት አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የሚጎትተውም ፈረስ ነበረ። መስመሩን የዘረጉት ሰዎች ዓላማ በባቡር የመጣውን ዕቃና ሰው ወደ ወንዙ ወደብ ማድረስ ነበር እንጂ ለከተማይቱ ነዋሪ ምቾት አልነበረም። ይሁን እንጂ ገቢው ወጪውን ስላልሸፈነ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ቆመ።

በ1880 ዓ.ም. በሎንዶን የተመዘገበ አንድ ኩባንያ ሥራውን እንደ ገና ጀመረው። ከአውስትራሊያ በመርከብ የመጡት ፈረሶች የቤንጋልን ሙቀት አልቻሉትም። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡርም ተሞከረ። በመጨረሻም በማርች 27 ቀን 1902 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው ትራም ከኤስፕላኔድ ተነሥቶ እስከ ኪደርፖር ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ እየረዘመ ሄዶ የከተማይቱን ሰሜንና ደቡብ፥ ጣቢያውንና ገበያውን፥ ቢሮውንና ትምህርት ቤቱን አገናኘ።

ከወንዙ ርቀን ወደ ምሥራቅ ስንገባ በአንድ ሰፊ ኩሬ ዙሪያ የታነጹ የመንግሥት ሕንፃዎች ይታዩናል። በሰሜኑ በኩል ያለው ቀይ ሕንፃ የጸሐፊዎች ሕንፃ ይባላል። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ስም ልብ በሉት። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በዝቅተኛ ደረጃ የሚቀጥራቸውን የቢሮ ሠራተኞች ጸሐፊዎች ይላቸው ነበርና ከ1777 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ይህ ሕንፃ ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው። ካልካታም ከ1772 እስከ 1911 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሕንድ ዋና ከተማ ሆና ስትኖር አገሩ ይተዳደር የነበረው ከዚህ አካባቢ በሚወጣ ወረቀት ነው።

የከተማይቱ ቆርቋሪ በ1690 ዓ.ም. የመጣው ጆብ ቻርኖክ የተባለ የኩባንያው ሹም ነው ሲባል ለብዙ ዘመን ተጽፏል። ነገር ግን የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ቻርኖክ የከተማይቱ መሥራች ሊባል እንደማይገባው አስታወቀ፤ እርሱ ከመምጣቱ በፊት በስፍራው ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ነበሩና። ደግሞም በአንድ የእንግሊዝ እንደራሴ ስም ዳልሁዚ አደባባይ ይባል የነበረው ይህ ስፍራ ዛሬ የሚጠራው በሦስት የቤንጋል ወጣቶች ስም ነው። ቢኖይ፥ ባዳልና ዲኔሽ የተባሉት እነዚህ ወጣቶች በ1930 ዓ.ም. ወደ ጸሐፊዎች ሕንፃ ገብተው የእስር ቤቶችን ዋና ሹም ገድለው ነበር። አደባባዩ ያው ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ግን ተለውጧል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በየማለዳው አደባባዩን የሚሞላው ሰው ማን ነበረ? በቤንጋልኛ ኬራኒ የሚባለው አነስተኛ ጸሐፊ ነው። መኪና የለውም፤ ደመወዙ ከወር እስከ ወር አያደርሰውም፤ በሰዓቱ ቢሮ መግባት ግን ግዴታው ነው። ለእርሱ የተሠራ ባይሆንም ትራሙ የእርሱ ሆነ።

አሁን ጥቂት ወደ ደቡብ ሄደን ከኤስፕላኔድ ጣቢያ እንሳፈር። ከዚህ ወደ ሰሜን እስከ ሽያምባዛር የሚደርሰው መስመር በ2024 ዓ.ም. ከቀሩት ጥቂት መስመሮች አንዱ ነበረ። በቀድሞው ዘመን ትራሙ ሁለት ፉርጎ ነበረው፤ የፊተኛው አንደኛ ማዕርግ ሲሆን ነፋስ ማራገቢያ አለው፤ የኋለኛው ሁለተኛ ማዕርግ ነው፤ ማራገቢያም የለውም። አንዱ ሐዲድ ሁለቱንም ወደ አንድ ስፍራ ያደርሳቸዋል፤ ሙቀቱን የሚችለው ግን የኋለኛው ተሳፋሪ ነው።

ትራሙ ደወሉን እያሰማ ኮሌጅ ስትሪት ሲደርስ እንውረድ። በዚህ ጎዳና ላይ በ1817 ዓ.ም. የተመሠረተው የሂንዱ ኮሌጅ ተተኪና በ1857 ዓ.ም. የተቋቋመው የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በግራና በቀኝ የተደረደሩት የመጻሕፍት መሸጫ ጎጆዎች ለድኻ ተማሪ ሁለተኛ ቤተ መጻሕፍት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ወደ ምሥራቅ በእግር ስንሄድ የመጀመሪያው ትራም ከተነሣበት ከሲያልዳህ ጣቢያ እንደርሳለን። በ1947 ዓ.ም. ሕንድ ነጻ ስትወጣ ቤንጋል ለሁለት ተከፈለች፤ ከምሥራቁ የተሰደዱ ቤተ ሰቦችም በዚህ ጣቢያ ወርደው የሚሄዱበት ስላጡ ብዙዎቹ እዚያው በጣቢያው ወለል ላይ ተኝተው ሰነበቱ።

እንግዲህ በ1953 ዓ.ም. የሆነውን ለማስተዋል እነዚህን ሰዎች ማሰብ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር በእንግሊዞች እጅ የነበረው የትራም ኩባንያ በሁለተኛው ማዕርግ ዋጋ ላይ አንድ ፓይስ ጨመረ። ፓይስ የአንድ ሩፒ ስልሳ አራተኛ እጅ ነው። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ላየ ሹም ይህ ከቁጥር የሚገባ ነገር አልነበረም። ከተማይቱ ግን ተነሣች። ብዙ ተሳፋሪ አዲሱን ዋጋ አልከፍልም ብሎ የቀድሞውን ብቻ ዘረጋ፤ ከዚያም ሕዝቡ በትራም አልሳፈርም አለ፤ ትራሞች ተቃጠሉ፤ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጢስ ገባ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ታሰሩ። በመጨረሻ ጭማሪው እንዲቀር ሆነ። አንዲት ፓይስ ያን ያህል የከበደችው በራስዋ አልነበረም፤ ከረኃቡ፥ ከስደቱና ከሥራ ማጣቱ በኋላ የመጣች የመጨረሻዋ ሸክም ስለ ነበረች ነው እንጂ።

መንግሥት በ1967 ዓ.ም. የትራሙን አስተዳደር ተረከበ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያውን ወረሰ። በ1984 ዓ.ም. በሕንድ የመጀመሪያ የሆነው የምድር ውስጥ ባቡር በዚችው ከተማ ተከፈተ። መኪናውም እየበዛ ሄደ፤ የትራሙም መስመሮች ተራ በተራ ተዘጉ። በ2023 ዓ.ም. የመቶ ሃምሳኛ ዓመቱ በዓል ተከበረ፤ በተከተለው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ግን የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ከኤስፕላኔድ እስከ ማይዳን ሜዳ ከሚሄደው አጭር የመታሰቢያ መስመር በቀር ትራሙን ለማቆም ማሰቡን አስታወቀ። ጉዳዩም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘንድ ሙግት ሆነ።

ስለ እውነት ከተነጋገርን መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ዋዛ አይደለም። ከከተማይቱ ስፋት መንገድ የሆነው ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው ይላል፤ ትራሙም ዘገምተኛ ነው፤ አደጋም ያደርሳል። በቤንጋል ቋንቋ ስመ ጥር የነበረው ባለ ቅኔ ጂባናናንዳ ዳስ በ1954 ዓ.ም. በትራም ተገጭቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ትራም ጢስ የለውም፤ አንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይጭናል፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው። በፓሪስና በአካባቢዋም ትራም በ1938 ዓ.ም. ፈጽሞ ቀርቶ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ወጪ እንደ ገና ተዘርግቷል። ሐዲድን በአስፋልት መሸፈን የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ መልሶ ማውጣቱ ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ካልካታን ደግመን በማየታችን ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው። ትራሙን የዘረጋው የባዕድ ነጋዴ ነበረ፤ ያቆየው ግን በየማለዳው ሳንቲሙን ቆጥሮ የተሳፈረው ጸሐፊ፥ ተማሪና ስደተኛ ነው። ነገ ስለ አንድ መንገድ ወይም ስለ አንድ ዋጋ የሚናገር ወረቀት ለፊርማ ከጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፥ ከመፈረማችሁ በፊት በኋለኛው ፉርጎ የሚሳፈረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።