ረቂቅ ሕጎችን ከሰብዓዊ መብቶች አንጻር መመርመር

ረቂቅ ሕጎችን ከሰብዓዊ መብቶች አንጻር መመርመር፣ ሕግ አውጪው ረቂቁን ከማጽደቁ በፊት ድንጋጌዎቹ በሕገ መንግሥቱና አገሪቱ ባጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ከታወቁት መብቶች ጋር መጣጣማቸውን የሚያረጋግጥበት ተግባር ነው። በብሪታንያ ፓርላማ ይህንኑ የሚሠራ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ባለድርሻ አካላትን አወያይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

የተግባሩ መሠረት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 13 ሲሆን፣ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታን በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪዎች ሁሉ ላይ ስለሚጥል፣ ሰመራ የሚገኘውን የአፋር ክልል ምክር ቤትንም ያስገድዳል። አንድ ሕግ ሕገ መንግሥቱን መጣሱን የሚወስነው መደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመሆኑ፣ በረቂቅ ደረጃ ያልታረመ ጉድለት ከጸደቀ በኋላ በቀላሉ አይቃናም። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አዳዲስ ሕጎች እንዲወጡና ነባሮቹ እንዲሻሻሉ ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣን አለው።

ምርመራው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ነው። በአንቀጽ 93 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የደነገገው አዋጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በምንም ሁኔታ አይገደብም፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዘው አንቀጽ 19 ግን ከማይገደቡት መካከል አልተዘረዘረም። ይህ ክፍተት በአዋሽ አካባቢ በተግባር ታይቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ባስፈጸመው ኮማንድ ፖስት የተያዙ ብዙ ሰዎች ለ«ተሐድሶ ሥልጠና» ወደ አዋሽ ሰባት ተወስደዋል፣ በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ከተያዙትም አንዳንዶቹ በአዋሽ አርባ ታስረዋል። የተወካዮች ምክር ቤት የሚያቋቁመው ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ የተደነገገውም፣ እስራት ከሕዝብ ዓይን እንዳይሰወር ነው።

ሁለተኛው መስክ መሬት ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች፣ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን በበጋ የሚያሰማራበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ወስደዋል፤ ያኔ ረቂቁን በነዋሪው መብት የሚመዝን አካል አልነበረም። አንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ስለሰጠው፣ የመሬት ረቂቅ የሚመረምር ኮሚቴ የትኛው ግጦሽ እንደሚነካ፣ ነዋሪው በአንቀጽ 43 መሠረት መመከሩንና በአንቀጽ 44 የተረጋገጠለት ካሳ በረቂቁ መካተቱን ሳያጣራ የውሳኔ ሐሳብ ሊያቀርብ አይገባም።