ከቅቤና ከኮሶ እስከ ፖም ኮምጣጤ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ራስ ጠጉርና ስለ ኮምጣጤ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዖሜር በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች፣ የቤቱ እመቤት «ለጠጉርሽም፣ ለሆድሽም፣ ለስኳርሽም ይሆናል» ብላ የሰጠቻቸውን ጠርሙስ ይዘው ወደ ቤርሼባ ሲመለሱ አያለሁ። በላዩ ላይ በዕብራይስጥ «ሖሜጽ ታፑሒም ኦርጋኒ» ይላል። ያለ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ከበቀለ ፖም የተሠራ ኮምጣጤ ማለት ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው አቼቶ ይለዋል፤ ቃሉ የጣሊያን ነው። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመክፈታችሁ በፊት ታሪኩን ስሙ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እናንተ የመጣችሁበት አገር ለራስም ለሆድም የራሱ መድኃኒት ነበረው። ለራስ ለጋ ቅቤ ነው። እናት የልጇን ጠጉር ሹሩባ ሠርታ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ቅቤው ጠጉሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል፣ ፀሐይና ነፋስ እንዳያደርቁት ይረዳል። የተጠቀለለና ደረቅ ጠጉር ቅባት እንደሚፈልግ የዛሬ ባለሙያዎችም ይናገራሉ። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሰው «እማዬ፣ ትሸቻለሽ» ቢሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ቅቤ ሲሰነብት ይሸታል፣ እውነት ነው፤ በሻምፖ ይለቃል። ቅቤ ሸተተኝ ብሎ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው በራሱ ላይ ኮምጣጤ ሲያፈስ ማየት ግን ትንሽ ያስቃል።

ለልብስ ደግሞ እንዶድ ነበረ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። እናቶች ለሳሙና የያዙት ፍሬ በሽታን ለመከላከል እንደሚረዳ የታወቀው እንዲህ ነው። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን የማነሳው የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ አለመሆኑን እንድታውቁ ነው። ሆኖም እንዶዱ የታመነው ተመርምሮ፣ ልኩ ታውቆ ነው።

ኮሶም እንዲሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ስለ ኮሶ ጻፈ፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በውድ ይሸጥ ጀመር። ኮሶ ትሉን በእርግጥ ያስወጣል። ልኩ ሲበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት፣ ነፍስም እስከ መውሰድ ይደርሳል። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ አይጎዳም» የሚላችሁ ካለ ኮሶን አስታውሱት።

አሁን ወደ ኮምጣጤው። እንግዳ ነገር አይደለም። ቦዔዝ ሩትን እንጀራዋን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ ጋብዟታል። ጠላ ወይም ጠጅ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሰነብት እንደሚቆመጥጥ የማያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1864 ይህን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን አሳየ፤ በጠርሙሱ ታች የሚንሳፈፈው ድፍርስም የእነሱ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራቲስ ኮምጣጤን ከማር ጋር ያዝዝ ነበር። የዛሬው ወሬ ግን በአብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዲፎረስት ክሊንተን ጃርቪስ የተባለ የቬርሞንት ሐኪም በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የፖም ኮምጣጤና ማር ለብዙ በሽታ ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉም እጅግ ተሸጠ።

ለጠጉር ምን ይሠራል? የልብስ ሳሙና ጠጉርን ያሻክረዋል፤ ኮምጣጤ አሲድ ስለሆነ ሻካራውን ያለሰልሰዋል። በሻምፖ ለሚታጠብ ሰው ጥቅሙ ያንሳል። መሞከር የምትፈልጉ አንድ ሁለት ማንኪያ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ካፈሰሳችሁ በኋላ ታጠቡት። በቆሰለ ራስ ላይ ግን አታድርጉ። ቅማልን አይገድልም፤ ጠጉርን አርጥቦ በቀጭን ማበጠሪያ ደጋግሞ ማበጠር ይሻላል። ቆረቆርንም አያድንም፤ ለእርሱ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት አለ።

ስለ ቆረቆር ካነሳን፣ በዚህች አገር ያለፈውን እወቁ። አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በተለይ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ለቆረቆር ተብሎ ራሳቸው በጨረር ታከመ። በዚያ ዘመን በዓለም የታወቀ ሕክምና ነበር። በ1974 ፕሮፌሰር ባሩኽ ሞዳን ወደ 11,000 የሚሆኑትን መርምሮ በመካከላቸው የራስና የእንቅርት ዕጢ መብዛቱን አሳየ፤ በ1994 የካሣ ሕግ ወጣላቸው። ብዙዎቹ ወላጆች ምን እንደሚደረግ በሚገባቸው ቋንቋ አልተነገራቸውም። እንግዲህ ሐኪም ቤት ስትገቡ «ይህ ምንድን ነው? ለምን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ጥሩ። ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የስኳር በሽታ ነው። በ1984ና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወገኖቻችን ሲገቡ ይህ በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ጤፉ በነጭ ዳቦ፣ ውኃው በጣፋጭ መጠጥ፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ ሲተካ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዛ። «ጤኔ ብሪኡት» የተባለው ድርጅት ስለዚሁ ለኅብረተሰባችን ያስተምራል። ኮምጣጤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ትናንሽ ጥናቶች አሉ። በመጠኑ ነው ያልኩት። ክብደት ይቀንሳል ተብሎ በ2024 ከሊባኖስ የወጣውን ጥናት ግን ያሳተመው የእንግሊዝ መጽሔት በ2025 ሰርዞታል።

ክኒናቸውን በመሳቢያ ዘግተው ጠዋት ጠዋት ኮምጣጤ የሚጠጡ እናቶች አሉ። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። የሚቆመው ክኒን ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጠብቀው ነው። ኢንሱሊን ወይም የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጠጡት። ማንም ቢሆን ሳይበጠበጥ አይጠጣው፤ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ጥርስንም ይበላል። ጠርሙሱንና የክኒኑን ዕቃ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ወደ ኩፓት ሖሊም ይዛችሁ ሂዱና ለነርሷ አሳዩ። ዕብራይስጡ ቢጠፋችሁ ዕቃው ራሱ ይናገራል። ሰላጣ ላይ የምታደርጉት ደግሞ ለፋሲካ የተፈቀደ መሆኑን በላዩ ካለው ማኅተም ተመልከቱ፤ ከእህል የሚሠራ ኮምጣጤም አለና።